ቫይረስ ይዤ ማኅበር የሄድኩ ዕለት

መርሳ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ይህን የምናገረው ልመካ ብዬ ሳይሆን ጥፋቴ ከየት እንደመጣ ከወዲሁ እንዲታወቅልኝ ነው። አስተማሪ የሆነ ሰው ሁለት ክፉ አመል ያወጣል። አንደኛው ያልተጠየቀውን መመለስ ነው። ሁለተኛው፣ ሲጠየቅ ደግሞ አጥብቆ አለመመለስ። እኔ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ቤት ውስጥ፣ የሰፈር ሴት ሁሉ በተሰበሰበበት አድርጌዋለሁ።

ነገሩ የታላቅ እህቴ ነገር ነው። እትዬ ነው የምላት፤ በስሟ ጠርቻት አላውቅም። ቤቷ ውርጌሳ ነው፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። እሷና ባሏ ጤፍና ማሽላ ያርሳሉ፣ ውሃ ሲገኝ ሽንኩርት ይተክላሉ። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እኔ እንድማር ብላ ከትምህርት የቀረችውም እሷ ናት። ይህን አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። እኔ ግን በተናደድኩባት ቁጥር ትዝ ይለኝና ንዴቴን ያበላሽብኛል።

ጥቅምት ላይ አንድ የገበያ ቀን መርሳ መጥታ እኔ ዘንድ ገባች። በላች፣ ጠጣች፣ የልጆቹን ደህንነት ጠየቀች። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሰው "እስቲ እጅሽን አምጪ" አለችና ይዛ ቀኝ ጡቷ ላይ አሳረፈችው። የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠጣር ነገር ነካሁ። ብገፋው አይንቀሳቀስም። ከመቼ ጀምሮ ነው ስላት ከሁዳዴ በፊት ነው አለችኝ። ወይ ጉድ! ሁዳዴ አልፎ፣ ክረምቱ አልፎ፣ መስቀል ተከብሮ!

ምች ነው ተብላለች። የጎረቤቷ አሮጊት እንዲያ ብለው ዳማከሴ አሽተው ቀብተዋታል፣ አጥነዋታል። እኛ አገር ምች ያልተከሰሰበት በሽታ የለም። ራስ ሲያም ምች ነው፣ ከንፈር ሲቆስል ምች ነው፣ ባል ሲያኮርፍም ምች ሳይሆን አይቀርም። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ የሚያድር ምች ግን ሰምቼ አላውቅም አልኳትና ነገ ወልድያ ሆስፒታል እንሂድ አልኩ። እሷ ሽንኩርቱ ይነሳ አለች። ሽንኩርቱ ሲነሳስ? ጤፉ ይታጨድ። እኛ ቤት ሞት ራሱ ቢመጣ አዝመራው እስኪገባ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ትንሽ ስጫናት ግን እውነቱ ወጣ። ሰፈሯ ውስጥ የጡት ነቀርሳ ዝም ብሎ አይመጣም ነው የሚባለው። ልጅ ወተት የነፈገች፣ ወይ እናቷን ያስቀየመች፣ ወይ የሰው እርግማን ያለባት ሴት ናት የሚይዛት ይላሉ። ሐኪም ቤት ሄዳ ነቀርሳ ነው ከተባለች አገሩ ሁሉ ኃጢአቷን ሊቆጥር ቁጭ ይላል። "ስድስት ልጅ አጥብቼ አሳድጌ፣ ምን አጠፋሁ?" አለችኝና በነጠላዋ ዓይኗን ጠራረገች። አንጀቴን በላችው።

ያን ቀን ስትሄድ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። ጡት፣ ካንሰር፣ ምክንያት እያልኩ ስፈልግ አንድ ጽሑፍ ላይ ወደቅኩ። አንዳንድ ተመራማሪዎች አንዳንድ ቫይረሶች ከጡት ካንሰር ጋር ግንኙነት ሊኖራቸው ይችል ይሆናል ብለው ይጠረጥራሉ ይላል። በዕጢው ውስጥ የቫይረስ ምልክት አገኘን ያሉ አሉ፤ ፈልገን አጣን ያሉም አሉ፤ ምክንያቱ እሱ ነው ብሎ የደመደመ የለም። ልብ ያለው ሰው ይህን አንብቦ ስልኩን አስቀምጦ እራቱን ይበላል። እኔ ግን ደስታዬን አልቻልኩትም። ቫይረስ! ሃያ ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከነእግሩ ስስለው የኖርኩት! ቫይረስ ከሆነ እኮ ኃጢአት የለም፣ እርግማን የለም። ቫይረስ እናትሽን አስቀይመሻል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ሴቶቹ ይህን ቢያውቁ እህቴ አንገቷን ቀና አድርጋ ወልድያ ትሄዳለች ብዬ ቆረጥኩ።

ከእናታችን የወረስነው የማርያም ማኅበር አለን፤ በየወሩ በሃያ አንድ ውርጌሳ ውስጥ ተራ ባለው ሰው ቤት እንሰበሰባለን። ሁሉም ከአንድ ጽዋ ነው የሚጠጣው። ጽዋው ከአንዷ ወደ አንዷ እየዞረ ይሄዳል፤ ከሱ የተጎነጨ ሁሉ እህትማማች ነው። የሚቀጥለው ወር እዚያ ተገኘሁ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ሊዞር ሲል ማንም ሳይጠይቀኝ ተነሳሁ። እትዬን ሳልጠቅስ ስለ ጡት ካንሰር ተናገርኩ። እርግማን አይደለም አልኩ። የማንም ጥፋት አይደለም አልኩ። ከቫይረስ ጋር ግንኙነት ሊኖረው ይችላል የሚሉ ሳይንቲስቶች አሉ አልኩ። ሴቶቹ እንዲያ ጸጥ ብለው ሲሰሙኝ ምነው ተማሪዎቼ በሆኑ አልኩ በልቤ።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃችን የሆኑት ሴትዮ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

"ታዲያ ይተላለፋላ?"

አይተላለፍም ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። እኔ ግን አስተማሪ ነኝ። ቫይረስ ብዬ ተናግሬ በአንድ ቃል አይሆንም ብል ሳይንሱን የበደልኩት መሰለኝ። ጉሮሮዬን ጠረግኩና "እሱ እንኳ ገና አልተረጋገጠም" አልኩ።

አፌን በቆረጠው። እኛ አገር ገና አልተረጋገጠም የተባለ ነገር ሆኗል ማለት መሆኑን የማያውቅ ማን አለ? መንገድ ተዘጋ ሲባል አልተረጋገጠም ይባላል፤ ሰው ግን መናኸሪያ አይሄድም። ዘይት ሊጠፋ ነው ሲባል አልተረጋገጠም ይባላል፤ ሰው ግን ጀሪካኑን ይዞ ይሰለፋል። ሴቶቹ ሞኝ አይደሉም። ቫይረስ ሲባል ደግሞ የሚያውቁት ሁለት ነው። ስለ አንዱ ምላጭ አትዋሱ ተብለዋል፣ ስለ ሌላው እጅ አትጨባበጡ። ሁለቱንም ተጠንቅቀው በሕይወት የቆዩ ሴቶች ሦስተኛውን ሲሰሙ ምን ያድርጉ?

ይህ ሁሉ ያኔ አልታየኝም። ያኔ የታየኝ እህቴ ቀስ ብላ ስትነሳ ነው። "እኔም አለብኝ" አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። "እርግማን መስሎኝ ደብቄው ነበር።" ደስ አለኝ፤ እንባዬ ሁሉ መጣ። ተሳካልኝ አልኩ። አለማጨብጨቤም እመቤቴ ጠብቃኝ ነው።

ጽዋው ዞረ። እትዬ ጋ ደረሰ፣ ተጎነጨች፣ አጠገቧ ላለችው ሰጠች። አጠገቧ ያለችው የነጠላዋን ጫፍ አወጣችና የጽዋውን አፍ ጠረገችው። አንዴ ጠረገችው፣ ደግማ ጠረገችው፣ ከንፈሯን ነካ አድርጋ አሳለፈች። ቀጣይዋ ዛሬስ ቃር ይዞኛል አለች። ሦስተኛዋ መድኃኒት ላይ ነኝ አለች። አራተኛዋ ተሳልማ ብቻ አሳለፈች። ከዚያ በኋላ ያለው ሰው ሁሉ ጨጓራ በሽተኛ ሆነ። እትዬ ይህን ሁሉ ዓይኗን ሳትነቅል አየች።

የወሎ ሰው ሰው አያስቀይምም። ክፉ ቃል የተናገራት የለም፤ ማን ይናገራል! በሚቀጥለው ወር ስንሰበሰብ ሙሴዋ አንድ አበባ ባለው ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አመጡ። አፉ ዙሪያ ወርቅማ የተቀባ ቆንጆ አዲስ ዋንጫ ነበር። ማኅበርተኞቹ ለእትዬ ብቻ ብለው የገዙላት ነው። ታማሚ ናት፣ ታርፍ፣ ተራ አትጠብቅ፣ በራሷ ዋንጫ ትጠጣ ተባለ። የሁሉም ዓይን እንባ አቅርሯል። እትዬ ተቀብላ አመሰገነች፣ ለእያንዳንዳቸው ጎንበስ አለች። እንዲህ በፍቅር ሲለዩሽ ምን ብለሽ ትጣያለሽ?

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤቷ ውስጥም ዋንጫዋንና ሳህኗን ለየች። ከባሏ ጋር በአንድ ትሪ መብላት ተወች፤ ባልየው እኔን በጎሪጥ ያየኛል፣ እውነቱን ነው። እኔ ወልድያ ስላት ደግሞ አዲስ ምክንያት አገኘች። "ሰው የታጨቀበት ሚኒባስ ውስጥ ይሄን ይዤ ልግባ? የሰው ልጅ ልፍጅ?" አለችኝ። ስለ ኃጢአቷ መፍራት ትታ አሁን ስለ ተሳፋሪ ነው የምትፈራው። ባቄላው ግን ሚኒባስ አይጠብቅም ነበር። ጊዜው ታኅሣሥ ሆኖ ትንሽ ሎሚ አክሏል። እህቴ በእኔ እውቀት ልትሞት ነው ብዬ ፈራሁ፤ እውነቱን ነው የምናገረው፣ በጣም ፈራሁ።

ያበላሸሁትን ልመልስ ብዬ ቤት ለቤት ዞርኩ። ቅዳሜና እሁዴ በሙሉ ውርጌሳ አለቀ። ሊኖር ይችላል ማለት አለ ማለት አይደለም፣ ቢኖርም በጽዋና በሳህን አይመጣም እያልኩ ለፈለፍኩ። ሁሉም በደንብ ተቀበሉኝ። ሁሉም ሻይ አፈሉልኝ። ሁሉም እውነትሽን ነው የኔ እናት አሉኝ። ከአንደኛዋ ቤት ወጥቼ ዣንጥላዬን ረስቼ ብመለስ የጠጣሁበትን ብርጭቆ በፈላ ውሃ ስታጥብ አገኘኋት። እህትማማች ስለሆንን እኔም መዝገቡ ውስጥ ገብቻለሁ ማለት ነው። ይሉኝታ ይዟት "ሻዩ ስኳር በዝቶበት ብርጭቆው ተጣብቆ ነው" አለችኝ። ስኳር አልጨመረችበትም ነበር።

በመጨረሻ ተሸነፍኩ። እውነት ብዬ ብዬ ያልሆነልኝን ውሸት ልሞክረው አልኩ። እትዬ ጋ ሄጄ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ወልድያ ቫይረሱን የሚገድል መርፌ ገብቷል፣ አንዴ ከተወጋሽ ከሕፃን ጋር ብትተኚም ስጋት የለም አልኳት። ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ሁሉ ያደረገው ነገር አልነበረም፤ ይቺ ግን ባንዴ ሠራች። በማግስቱ ጠዋት እትዬ ነጭ ልብሷን ለብሳ መንገድ ዳር ቆማ አገኘኋት። ሽንኩርቱንም ጤፉንም ያነሳው የለም።

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጠችና ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ መስታወቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። በሽታውን ለተሳፋሪው እንዳታስይዝ ነው፣ በእሷ ቤት ትንፋሿን ወደ ውጭ ማስወጣቷ ነው። ተሳፋሪው ግን ጮኸ። ዝጉት፣ ምች ይመታናል! ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጀርባዬ አለቀ ይላሉ፣ አንዲት እመጫት ልጇን በጋቢ ሸፍና ትራገማለች። እትዬ ፍንክች አላለችም። የሰደቧትን ሁሉ ለማዳን ስትል እስከ መርሳ፣ ከመርሳም እስከ ወልድያ ስድብ እየጠጣች መስኮቱን በሁለት እጇ ይዛ ሄደች።

ሐኪሙ ገና ልጅ እግር ነው፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ። ዳሰሳት፣ ናሙና ወሰደ። እትዬ ልብሷን እየለበሰች "መርፌው የቱ ነው ልጄ?" አለችው። "የምን መርፌ እናቴ?" አላት። "ቫይረሱን የሚገድለው።" ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የእጅ አስተጣጠብ ሥዕል አየሁ። ነገሩ ሲገባው ወንበሩን ወደ እሷ ሳበና እጇን በሁለት እጁ ያዘ። የሚያጠኑ ሰዎች አሉ፣ ያጥኑ፣ ከእርስዎ ወደ ሌላ ሰው ግን አይተላለፍም፣ በጽዋም በትንፋሽም በመተቃቀፍም አይተላለፍም አላት። እንዲያ ቀላል ነበር። እኔ ያልወጣኝ ቃል እሱን ምንም አላስቸገረውም።

ውጤቱ ሳምንታት ቆይቶ መጣ። ካንሰር ነው። ጡቱ መውጣት አለበት፣ ከዚያም ክትትል አለ። ከዚህ ቢዘገዩ ኖሮ ብሎ ጀመረና ሐኪሙ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እትዬ ጡቷ ሲወጣ አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ የማላውቃቸው ሴቶች እየደባበሱኝ።

ከሆስፒታል ስትወጣ ክትትሉ እንዳይርቃት እኔ ዘንድ መርሳ ተቀመጠች። ቀኝ እጇ ከትከሻ በላይ አልነሳ አላት። ነርሷ በየቀኑ ጣቶችሽን ግድግዳ ላይ እያስወጣሽ አለማምጂው ብላታለች፤ እኔም የደረሰችበትን በጠመኔ አሰምርላት ነበር። እስኪድን በግራ እጇ በማንኪያ፣ በራሷ ሳህን ትበላለች። ሳህኑን እኔ አልለየሁትም፣ ለማንኪያ ይመቻታል ብዬ ነው። ቢያንስ እንደዚያ ነበር የማስበው።

አንድ እሁድ ሙሴዋና ሦስት ማኅበርተኞች ሊጠይቋት መጡ። ማርና እንቁላል ይዘዋል። ገቡና በሩ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ላይ አራቱ ተጣበው ተቀመጡ፤ ሶፋው ባዶ ነው። ደሜ ፈላ። ወራት ያጠራቀምኩትን ሁሉ አወረድኩባቸው። ሐኪሙ በአፉ አይተላለፍም ብሏል አልኩ። ዋንጫ ገዝታችሁ እህቴን ገደላችኋት አልኩ። ባለማወቅ ሰው ይጠፋል ወይ፣ የሰው ፊት እንዲህ ይነሳል ወይ አልኩ። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። መጀመሪያ ቫይረስ ያልኩት እኔ መሆኔን አንዷም አላነሳችብኝም፤ እኔም አላስታወስኳቸውም።

ሲሄዱ ሙሴዋ ተነስተው ወደ እትዬ ሄዱ። እንደፈሩ ያስታውቃል፤ ዓይናቸውን ጭፍን አድርገው ነው የሄዱት። ጉንጯን ሳሟት፣ ደገሙ፣ ሦስተኛም ሳሙ። "ይቅር በይኝ እህቴ" አሉና ወጡ። እትዬ ፊቷ በራ። ከዚያ የኅዳር ማኅበር ወዲህ ሰው ሲስማት ያየሁት ያን ቀን ነው።

ምሳ አቀረብኩ። ሽሮ ነበር። እትዬ ሳህኗን ወደ ጎን ገፋ አደረገችና ዛሬስ አብረን እንብላ አለች። እጇን ታጠበች፣ ከእኔ ጋር አንድ ትሪ ላይ ቀረበች። በቀኝ እጇ ቆረሰች፣ ጠቀለለች። ከዚያ ያንን እጅ ቀስ እያለች አነሳችው። ከደረቷ አለፈ፣ ከትከሻዋ አለፈ፣ ወደ አፌ መጣ። በልጅነቴ ያጎረሰችኝ እጅ ነው።

አፌ ተዘጋ።

እኔ አላሰብኩም። ስለ ምንም ነገር አላሰብኩም፣ አፌ ራሱ ነው የዘጋው። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያህል ቢሆን ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ግን ታላቅ እህቴ ናት፤ ይህን ፊት ከተወለድኩ ጀምሮ ታውቀዋለች። እጇ አየር ላይ ቀረ። ያ ወር ሙሉ በጣት በጣት ስናስወጣው የከረምነው እጅ።

"አንቺም?" አለችኝ።

አልተቆጣችም። ምነው ተቆጥታኝ በነበር። አፌን ከፈትኩ፣ አጎረሰችኝ፣ ዋጥኩት። እኛ ዘንድ ጉርሻ አንድ ብቻ አይሆንም፤ ሁለተኛው የግድ ነው፣ አንድ ብቻ አጉርሶ የሚተው ሰው የተጣላ ሰው ነው። ስለዚህ አፌን እንደ ሕፃን ከፍቼ ጠበቅኩ። ድገሚኝ እትዬ አልኳት፣ ሁለተኛ ድገሚኝ።

"እጄ ደከመኝ" አለችና ልትታጠብ ተነሳች።